ገጽ አራት፣ ቁጥር ዘጠኝ

ለክቡር አቶ ክሌይተን ሃርግሮቭ
የአደራና የቤት ርክክብ ቢሮ ሥራ አስኪያጅ
ጋስቲን፣ ካሊፎርኒያ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ የመስታወት በር የጠራ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የገዢን ገንዘብ በአንድ እጅዎ፣ የሻጭን ሰነድ በሌላው እጅዎ ይዘው፣ ሁለቱም ቃላቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ ለአንዳቸውም ሳያደሉ የሚጠብቁ የታመኑ አደራ ያዥ እንደመሆንዎ፣ እንደ እኔ ያለ ተራ ቤት ነጋዴ በአደባባይ ሲጽፍልዎ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤውን በከተማችን ጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ባለፈው በፖስታ የላክሁልዎ ደብዳቤ ለብቻዎ ደርሶ ሥራውን እጅግ በፍጥነት ስለሠራ፣ ይኼኛው ደግሞ ቀስ ብሎ ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ ነው።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ሌናርድ አዜቬዶ እባላለሁ። አባቴ የወተት ላሞች ነበሩት፤ እኔ ላሞቹን ሸጬ ቤት መግዛት፣ ማደስና መልሶ መሸጥ ከጀመርሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሞዴስቶ ውስጥ አንድ ፓንኬክ ቤት ለሚሰበሰቡ ቤት ነጋዴዎች “ውል በፍጥነት እንዴት ይዘጋል” እያልሁ የማስተምረውም እኔው ነኝ። ተማሪዎቼን እግዜር ይሁናቸው።

ክቡርነትዎ በማርች ወር የላክሁልዎን አቤቱታ እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ። ሠራተኛዎ የነበሩት ወይዘሮ ግሌንዳ ፕሩት የቲያ ኢዳሊና ቦርባን ቤት ግዢዬን ሆን ብለው ያጓትቱብኛል ብዬ ነበር የጻፍሁት። በአንድ ቀን ውስጥ መዝገቡን ከእጃቸው ወሰዱልኝ፤ በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ከሠሩበት ወንበር አሰናበቱልኝ። ለማንም የማያዳላው ቢሮዎ ለእኔ ሲሆን እንዲህ ስላደላ የማመሰግንበት ቃል አጥቼ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። አሁን ግን ያንኑ አቤቱታ በዚያው በተራ ቁጥሩ እየደገምሁ፣ የጎደለውን እየሞላሁ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቤቱ። ቲያ ኢዳሊና ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። እኛ ከአዞረስ ደሴቶች የመጣን ሰዎች ትልቅ ሴትን ሁሉ ቲያ፣ አክስቴ ማለታችን ነው፣ ብለን ስለምንጠራ ለእኔም ቲያ ናቸው። ባላቸው ሲሞት ቤቱን በአንድ ልጃቸው በዱዋርት ስም አዛወሩት። ዱዋርት የሚኖረው ሬኖ ነው፤ ቸገረውና ቤቱን ለእኔ ሸጠልኝ። እናቱ ግን አልሸጡም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

አንደኛ። “ወይዘሮ ግሌንዳ ሥራቸውን አያውቁም፤ አንድ ጥያቄ እየደጋገሙ ጊዜዬን ያባክናሉ” ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያሉት አንድ ነገር ነው።

“ሚስተር አዜቬዶ፣ የቤቱን የይዞታ ታሪክ ገጽ አራት፣ ቁጥር ዘጠኝ አንብበውታል?”

“አንብቤያለሁ። ምን ሆነ?”

“ምን እንደሚል ልነግርዎት አልችልም። የእርስዎም የሻጩም ወገን አይደለሁም። ያንብቡት ነው የምልዎት።”

“የኔ እመቤት፣ እኔ የአርባ አንድ ቤት ውል ዘግቻለሁ። ፊደል የሚያስቆጥረኝ ሰው አልፈልግም።”

“አርባ ሁለተኛውንም ያንብቡታ።”

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። የሙያው ወግ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ አደራ ያዥ ለገዢም ለሻጭም ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ቢያዩን እንኳ “ገደል ነው” አይሉንም፤ “ካርታውን ይመልከቱ” ብቻ ነው የሚሉን። ስለዚህ የቅዳሜ ቁርስ ባልንጀሮቼ ይኼን ከደብተራቸው ዳር ይጻፉት፦ አደራ ያዧ አንድን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቡ ካለቻችሁ፣ ያ ጩኸት ነው። ከዚያ በላይ እንድትጮህ ሕጉ አይፈቅድላትም። እኔ በየገጹ ግርጌ የስሜን መጀመሪያ ፊደሎች ሳሰፍር፣ ሌ.አ.፣ ሌ.አ.፣ ሌ.አ. እያልሁ ሰባ ሁለት ገጽ በስድስት ደቂቃ ጨርሻለሁ። በዚህም በፓንኬክ ቤቱ ሲጨበጨብልኝ ኖሯል።

ሁለተኛ። “ቁጥር ዘጠኝ የምትባል አንዲት የማትረባ መስመር ሰበብ አድርገው ርክክቡን አስቁመዋል” ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ። ካለፈው ቤት ሽያጭ ያገኘሁት ገንዘብ በመቶ ሰማንያ ቀን ውስጥ ሌላ ቤት ላይ ካልዋለ ግብር ስለሚጣልብኝ፣ ከመቸኮሌ የተነሣ የገዛ ጫማዬን አልለየውም ነበር። ውሌ ላይ ደግሞ “ቤቱ ባዶውን ይረከባል” የሚል ቃል ያስገባሁት እኔ ራሴ ነኝ። የማትረባዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ ኢዳሊና ቦርባ በሕይወት እስካሉ ድረስ በዚህ ቤት የመኖር መብታቸው የተጠበቀ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ከሳክራሜንቶ ስለመጡ ላያውቁት ይችላሉ። በእኛ በላም አርቢዎቹ ዘንድ ይህቺ መስመር ወግ ናት። አባት ሲሞት ቤቱ በልጅ ስም ይዞራል፤ ልጁ ግን እናቱን ከቤቷ አይነቀንቃትም፤ ለዚህም ነው መስመሯ የምትገባው። ሰነድ አዘጋጁ ሳይነግሩት ያስገባታል፤ ቄሱ ሳይቀር በቃሉ ያውቃታል። የእናቴ የኦዴት ቤትም በእኔ ስም ሆኖ ይህቺው መስመር አለችበት። እንግዲህ ገጽ አራት ላይ ያለውን ጉዳይ ከዚህ ከተማ ለመረዳት የመጨረሻው ሰው እኔ ልሆን አይገባም ነበር።

አልነበርሁምም። እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርሁትን ልናገር። “አላነበብሁትም” እያልሁ ብዙ ሰው አሳምኛለሁ፤ ለሚስቴም ያልኋት ይኼንኑ ነው። ውሸት ነው። ወይዘሮ ግሌንዳ ሦስተኛ ጊዜ ደውለው ስልኩን ከዘጋሁባቸው በኋላ፣ ጭነት መኪናዬን የነዳጅ ማደያው ጥግ አቁሜ ገጽ አራትን ገለጥሁና አነበብሁት። ገባኝ። ሁለተኛ ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እጄን ታጥቤ፣ ስለ ወይዘሮ ግሌንዳ ስንፍና ለእርስዎ ያንን ደብዳቤ ጻፍሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ከዚህ ማለፍ ነበረብኝ።

ሦስተኛ። “በምትካቸው ቀልጣፋ ሰው ይመደብልኝ” ብዬ ለምኜ ነበር። መደቡልኝ፤ እጅዎ ይባረክ! ሰውየው ሰላም እንኳ ሳይለኝ መፍትሔውን ነገረኝ፦ “ወይዘሮዋ መብታቸውን ለቀዋል የሚል ወረቀት ተፈርሞ ከመጣ በማግሥቱ ይዘጋል።” ማን ያስፈርማቸው? አላለም። ይገባቸው ይሆን ወይ? እሱንም አላለም። ወረቀቱን አትሞ እዚያው ለእኔው ሰጠኝ። ከሴትዮዋ መልቀቅ የምጠቀመው እኔ፣ ወረቀቱን የምወስደውም እኔ። ጅብን ሥጋ ጠብቅ ማለት ነው፤ ግን ጅቡ አልተቃወመም።

አንዲት ፊርማ አረጋጋጭ በመኪናዬ ይዤ ረቡዕ ጠዋት ሄድሁ። ቲያ ኢዳሊና በጓሮው በር ብቅ ብለው ገና በሩቁ አዩኝ።

“የኦዴት ልጅ! ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል? ምነው ከሳህ? ሚስትህ አታበላህም?”

“ቲያ፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዤ ነው።”

“የምን ወረቀት?”

“የመድን ናት። የቤቱ መድን።”

“ዱዋርት ያውቃል?”

“ያውቃል።”

“መነጽሬን ልፈልግ ወይስ አንተ ታነብልኛለህ? እኔ እንደሁ የእናንተን እንግሊዝኛ ከነመነጽሬም አልችለው።”

“ተዉት ቲያ፣ ሁለት መስመር ናት።”

በእርግጥም ሁለት መስመር ነበረች። አረጋጋጯ መታወቂያቸውን አየች፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክታ መዝገቧ ላይ አሳተመች። የጣት አሻራው ሴትዮዋ እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ የሚፈርሙትን ማወቃቸውን ግን ማንም አልጠየቀም፤ ሕጉም አይጠይቅም። ቲያ ቀለሙን በሽርጣቸው ጠረጉና ያን ዕለት የጋገሩትን ጣፋጭ ዳቦ ከሁለት ቋሊማ ጋር በፎጣ ጠቅልለው “ለኦዴት ግማሹን አድርስልኝ” ብለው ሰጡኝ። ተቀበልሁ። ለኦዴት አላደረስሁም፤ እናቴ “ከየት መጣ?” ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ብቻዬን መኪናዬ ውስጥ በላሁት። ጣፈጠኝም፤ ይኼን ልደብቅ ብል ማን ያምነኛል።

አራተኛ። ይህ በቀድሞው አቤቱታዬ ያልነበረ ምስጋና ነው። በመቶ ሰባ ስድስተኛው ቀን ርክክቡ ሲዘጋ የላኩልኝ የስጦታ ቅርጫት ደርሶኛል። አልሞንዱ ጥሩ ነበር፤ ወይኑንም አልናቅሁትም፤ ሪባኑ ላይ “በሰዓቱ እንዘጋለን” ተብሎ በወርቅ ቀለም የተጻፈውም ዓይን ይስባል። ቅርጫቱን በተቀበልሁበት ሳምንት ዱዋርት እናቱን “ጣራው ሊታደስ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ቆዪ” ብሎ ኒውማን ወስዶ አንዲት የጓሮ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። እኔና እሱ ተማክረን አይደለም። ውሸታሞች ሳይቀጣጠሩም ይገናኛሉ። እኔም በበኩሌ ሠራተኞች አስገብቼ የጓሮውን አጥርና ጎመኑን አስነቀልሁ።

አምስተኛ። እንግዲህ የመንፈስ ቅዱስ በዓል ደረሰ። ክቡርነትዎ እንግዳ ሆነው በአዳራሹ የክብር ጠረጴዛ ተቀምጠው ስለነበር ሰልፉን አላዩትም ይሆናል። ዘውድ የደፉት ልጃገረዶች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ለሀብታሙም ለመንገደኛውም፣ በነጻ የሚታደለውን ሶፓሽ፣ ዳቦ የተነከረበትን የሥጋ ሾርባ፣ ለመቀበል ተሰልፈናል። ከድስቱ ኋላ ጭልፋ ይዘው የቆሙት፣ እዚያ ቦታ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆሙት ቲያ ኢዳሊና ናቸው። ሰልፍ መቀየር ነበረብኝ፤ ሳስብ ተራዬ ደረሰ።

“የኦዴት ልጅ! የመድኑ ወረቀት ሠራልን?”

“ሠራ ቲያ።”

“ጎሽ። ጣራውስ? መቼ ነው የምገባው? ኧረ ጎመኔ ነው ያሳሰበኝ፤ ውኃ የሚያጠጣልኝ አለ?”

“ትንሽ ነው የቀረው ቲያ።”

“በል እንግዲህ፣ ፍጠንልኝ። ሰው ቤት መቀመጥ እንዲህ ቀላል አይደለም።” አሉና ከሥጋው ጥሩውን መርጠው ጨመሩልኝ።

ከኋላዬ የቆመው ሰው ይህን ሲሰማ ሳህኑን ይዞ ሌላ ሰልፍ ገባ። ቤቱ መሸጡን፣ ማን እንደገዛውም ግማሹ አዳራሽ ያውቅ ነበር፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሾርባዬን ይዤ ተቀመጥሁ፤ በአንድ ወገኔ ያለው ወንበር ባዶ፣ በሌላው ወገኔ ያለውም ባዶ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያን ዕለት ደስታዬ ነበር። በሕይወቴ ተዋርጄ አውቃለሁ፤ ባንክ አባርሮኛል፣ ገዢ ከድቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ኒውማን ሄድሁ። የመኖር መብታቸውን የሚመልስ ወረቀት ጠበቃ ዘንድ አሠርቼ ይዣለሁ። ጉዳዩ ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር። ቲያ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ቆሜ ነገርኋቸው።

“ቲያ፣ ያ ወረቀት የመድን አልነበረም።”

“ታዲያ የምን ነበር?”

“ቤቱን የሚያስለቅቅዎ ነበር። ቤቱን ከዱዋርት ገዝቼዋለሁ። ጣራም የሚሠራ የለም።”

“ዱዋርት ያውቃል ብለኸኝ ነበር” አሉ።

“ያውቃል።”

“ይህቺን እንኳ አልዋሸኸኝም።”

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። “ይኼ መብትዎን የሚመልስ ነው፤ ቤትዎ ይገባሉ፤ እስከ ዕለተ ሞትዎ ማንም አይነካዎም” አልኋቸው። አልነኩትም።

“ያኛውም ጊዜ ጥሩ ወረቀት ነው ብለኸኝ ነበር እኮ።”

“ቲያ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ…”

“ተው፣ እናትህን እዚህ አትጥራት። እኔ የኦዴት ልጅ ብዬ ነው የፈረምኩልህ። ሌናርድ ብዬ ቢሆን ኖሮ መነጽሬን እፈልግ ነበር።” ቀጥለውም “ከእንግዲህ ጣቴን ቀለም አላስነካም” አሉኝ።

ጠበቃውን ጠየቅሁት። ስጦታን ተቀባዩ እምቢ ካለ፣ ሰጪው አሥር ጊዜ ቢፈርም አይጸናም አለኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ሮጬ የታጠቅሁት ግን ቆሜም ተቀምጬም አልፈታ አለኝ። ደግሜ ሄድሁ፤ የእህታቸው ልጅ በሩ ላይ አቆመችኝ። ሦስተኛ ሄድሁ፤ ያን ጊዜ ቲያ ከውስጥ ሆነው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

“ለመሆኑ አንብብ ያለህ ሰው አልነበረም?”

“አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ጊዜ ብላኛለች።”

“የት አለች?”

“አስባረርኋት።”

“እንግዲያው እሷን አምጣልኝ። ከእሷ እጅ ከሆነ አየዋለሁ።”

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ሐተታ ወደ አንድ ልመና የሚያደርስ ነው። በማርች የጻፍሁልዎ አቤቱታ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው ሐሰት እንደነበረ በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ወይዘሮ ግሌንዳ ፕሩትን ወደ ወንበራቸው ይመልሷቸው፤ የቲያ ኢዳሊናንም መዝገብ ይክፈቱላቸውና እሳቸው ይዘው ወደ ኒውማን ይሂዱ። በጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጠይቄዎ “ቢሮው በሠራተኛ ጉዳይ አስተያየት አይሰጥም” የሚል እጅግ የታረመ መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። አስተያየት የማይሰጡ ሆነው ሳለ የእኔን አስተያየት በአንድ ቀን ውስጥ ትእዛዝ ማድረግዎን ግን አልረሳሁትም። ለነገሩ እኔ ሰደብሁ፣ እርስዎ ሰሙ፤ ከሁለታችን ማን እንደሚብስ አላውቅም። ፍርዱን ለአንባቢ ልተወው።

ለቅዳሜ ቁርስ ባልንጀሮቼ ደግሞ፦ እስከ ዛሬ ያስተማርኋችሁን ከደብተራችሁ ሰርዙት። የይዞታ ታሪኩን ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት አንብቡ፤ ቁጥር በተሰጠው መስመር ሁሉ ላይ “ይኼ ማንን ይነካል?” በሉ። ቤት ስታዩ ጣራና ቧንቧ ብቻ አትዩ፤ ማድቤት ግቡና ዕቃ የሚያጥበውን ሰው “እዚህ የሚኖረው ማነው? እስከ መቼ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ሌላ ከተማ ሆኖ በስልክ የሚነግራችሁን አትመኑ። ባዶ ቤት ልረከብ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ባዶ የሚያደርገው ማን እንደሆነ እወቁ። አንድ ሰው መብቱን የሚለቅበት ወረቀት ካለ እናንተ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከመልቀቁ ሰባራ ሳንቲም የማያገኝ ሰው በፈራሚው ቋንቋ ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ የራሱም ጠበቃ ይኑረው። የመዝጊያ ቀን ቢያልፍ ግብር ትከፍላላችሁ፤ ግብር ከፍሎ የሞተ ሰው አላየሁም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢሮዎም የማይቸኩል ደንበኛ እየተመኘሁ፣ ለአቤቱታዬ ስለሰጡት የፈጠነ ጆሮ፣ ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ አልሞንዱና ስለ ወርቅ ቀለሙ እጅ ነሥቼ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አርባ ሁለት ቤት የዘጋው፣
በአርባ ሁለተኛው አደራ በላ የሆነው፣
ሌናርድ አዜቬዶ

ተጨማሪ፦ ይህ ደብዳቤ ለኅትመት ገብቶ ሳለ የሆነ ነገር ስላለ ጋዜጣው ቦታ ለቆልኛል። የእርስዎን ፈቃድ መጠበቅ አላስፈለገም። ወይዘሮ ግሌንዳ ነገሩን ከሰው ሰምተው፣ ማንም ሳይልካቸው፣ በራሳቸው መኪና ኒውማን ሄዱ። አልጋው ጫፍ ላይ ከቲያ ጎን ተቀምጠው “አሁን ሥራ ስለሌለኝ ወገን መሆን እችላለሁ፤ ምን እንደሚል ልነግርዎት እችላለሁ” አሏቸው፤ የእህታቸው ልጅ እያስተረጎመች እያንዳንዱን ቃል አነበቡላቸው፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀባቸው። ቲያ ፈረሙ። ሐሙስ ቤታቸው ገብተው ጎመን እንደገና ተክለዋል። እኔ ደጃቸው እንዳልደርስ ነግረውኛል። ሌላ አንድ ነገር አዘዙኝ፦ “ለኦዴት ራስህ ንገራት፤ ከሰው እንዳትሰማ።”

እሑድ ነገርኋት። እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ተነሥታ ኮቷን ለበሰች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ “የእኔን ቤት ወረቀት አምጣ። አንተ አታንብብልኝ። ያቺ ሴትዮ ታንብብልኝ።” ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ክቡርነትዎ እንዳይቸገሩ፣ በእርስዎ ቢሮ አይደለም። በመኪና የማደርሳት እኔ ነኝ።